ላባውና እራፊው፦ ስለ ማታር የጥልፍ አንሶላ

የአማርኛ ቋንቋ ስለ ኪነ ጥበብ ከተጻፉት አያሌ መጻሕፍት ቀድሞ አንድ ብያኔ ሰጥቷል። «ጥበብ» የሚለው ቃል ዕውቀትንና ብልሃትን ያመለክታል፤ ኪነትንም ያመለክታል፤ በነጠላና በቀሚስ ዳር ላይ የሚያርፈው ባለቀለም ጌጥም በዚሁ ቃል «ጥበብ» ይባላል። ቋንቋው የጨርቁን ዳርና የአእምሮን ሥራ በአንድ ስም ሲጠራ በመካከላቸው አጥር አላቆመም። አጥሩን ያቆመው ኋላ የመጣው ልማድ ነው፤ ይኸውም በሸራ ላይ በብሩሽ የተሠራውን «ሥነ ጥበብ»፣ በጨርቅ ላይ በመርፌ የተሠራውን ግን «የእጅ ሥራ» ብሎ የሚከፍለው ነው። ለመጀመሪያው ሃያሲ ይመደብለታል፤ ለሁለተኛው ዋጋ ተማኝ ይበቃዋል ይባላል።

ይህ ክፍፍል የሚፈተንባት አንዲት ስፍራ ማታር ናት። በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን፣ በዋንቱዋ ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ ከደቡብ ሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ሜዳ ላይ ተቆርቁራለች። ሕዝቧ ከብት አርቢ ነው። ድንበሩ ሕዝቡን በሁለት መንግሥት ቢከፍለውም ዘመድና ዘመድ አልተለያየም፤ በመሆኑም ወዲያ ማዶ ጦርነት ሲነሣ ወዲህ ማዶ ያለው ቤት እንግዳ ይበዛበታል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት በፈነዳ ጊዜም ሆነ በ2017 ዓ.ም. በናስር ዙሪያ ውጊያው በበረታ ጊዜ የታየው ይኸው ነው። ከዚያ የመጡት ሴቶች ከያዙት ጓዝ መካከል ብዙ ጊዜ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የተጠለፈ አንሶላ ነው።

አንሶላው «ሚላያ» ይባላል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ያው አንሶላ ማለት ነው። በደቡብ ሱዳን ሕዝቦች ዘንድ፣ ከድንበሩ ወዲህ ባሉት ኑዌሮችም ዘንድ፣ ሴቶች በእጅ ጥልፍ የሚያስጌጡት የአልጋ ልብስ በዚህ ስም ይታወቃል። አሠራሩ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ወጥ ቀለም ያለው ጨርቅ ይዘረጋል፤ ንድፉ በብዕር ወይም በእርሳስ ይሠመራል፤ ከዚያም በባለቀለም ክር ይሞላል፤ ጠርዙ በኪሮሽ ዳንቴል ይዘመዘማል። በመካከሉ ትልቅ አበባ ወይም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወፎች፣ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ የአበባ ዘለላ ይሆናል። አንዳንዱ ላይ ስም ወይም የመልካም ምኞት ቃል ይጠለፋል። አንሶላው ለሙሽራ ቤት ይዘጋጃል፤ እንግዳ በመጣ ቀን አልጋ ላይ ይነጠፋል፤ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ችግር ሲጠና ይሸጣል፤ በሽሽት ቀን ደግሞ የቤቱ ዕቃ ይጠቀለልበታል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ይህንን ጨርቅ እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ መመዘን ይቻላልን? ይቻላል ከተባለ መለኪያው ምንድን ነው?

፩. ስለ እንግዳው ወፍ

በአንሶላው ላይ ከሚታዩት ወፎች መካከል ደጋግሞ የሚመጣው ጣዎስ ነው። ረጅም ጅራት፣ በጅራቱ ላይ የተዘረጋ ላባ፣ በላባው ጫፍ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ ይታያል። ጣዎስ ግን የባሮ ወንዝ ወፍ አይደለም። ስለዚህም ለባህል ተቆርቋሪ የሆነ ተመልካች በዚህ ላይ ፈጥኖ ይፈርዳል፤ «ከፋብሪካ ጨርቅ የተቀዳ ነው፤ የሕዝቡን ኑሮ አያንጸባርቅም፤ የኑዌር ጥበብ አይደለም» ይላል።

ይህ ፍርድ ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ እንግዳው ወፉ ብቻ አይደለም፤ ጨርቁና ክሩም ከዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል በባሮ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ውሃው በሚሞላበት ወራት ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ ወደ ጋምቤላ እያመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የፋብሪካ ጨርቅ፣ የዐረብኛው ቃልና የሩቅ አገር ወፍ ምስል በአንድ የንግድ መስመር ተከታትለው የሚደርሱ ነገሮች ናቸው። ጨርቁን ተቀብሎ ወፉን «ባዕድ» ማለት አያስኬድም። ደግሞስ በደጋው የሚለበሰው ቀሚስ ስንቱ የጥልፍ ክር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው?

ሁለተኛውና ዋናው ነገር፣ የሥራው ባለቤትነት የሚለካው ምስሉ ከየት መጣ በሚለው ሳይሆን እጅ ምን አደረገበት በሚለው ነው። ይህን ለመረዳት ኑዌሩ ዓይኑን በምን እንዳሠለጠነ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ኑዌር» በተባለው መጽሐፉ የኑዌር ቋንቋ የከብትን ቀለምና የቀለሙን አቀማመጥ ለመለየት ምን ያህል ቃላት እንዳሉት አሳይቷል፤ ቀለሙ ከነጭ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ በተለወጠ ቁጥር ስሙም ይለወጣል፤ የቀንዱ ቅርጽ ሲጨመርበት መጠሪያው በመቶዎች ይቆጠራል። ወጣቱ በበሬው መልክ ስም ይጠራል። የደጋው ገበሬም ቡሬ፣ ቦቃ፣ ዳለቻ፣ ነብርማ እያለ ከብቱን ስለሚለይ ይህ ነገር አይገርመውም። ጀረሚ ኩት የተባለ ሌላ አጥኚ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የአባይ ሸለቆ ከብት አርቢዎች የቅርጻ ቅርጽና የሥዕል ሥራ በብዛት ስለሌላቸው ብቻ «ጥበብ የላቸውም» መባሉን ተቃውሟል፤ የውበት ሕይወታቸው ያለው በዕለት ተዕለት እይታቸው፣ ከሁሉም በላይ የከብቱን ዝንጉርጉር መልክ በማየትና በማድነቅ ላይ እንደሆነ አስረድቷል።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ ነገር ማለት ይቻላል። በነጭ መደብ ላይ ያረፈ የቀለም ቁራጭ ከጎኑ ካለው ነጭ ጋር እንዴት እንደሚናገር ሲያይ ያደገ ዓይን፣ ወፉ እንግዳ ቢሆንበትም መደቡ እንግዳ አይሆንበትም። ጥሩ የሚላያ ሥራ የሚታወቀውም ከወፉ ይልቅ በመደቡ ነው፤ ጠላፊዋ ስንት ነጭ ቦታ ተወች? የትኛውን ባዶ አስቀረች? ባዶው ለወፉ አየር ሆነለት ወይስ የተረሳ ቦታ ሆኖ ቀረ? ደካማው ሥራ ባዶን ይፈራል፤ ማዕዘኑን ሁሉ በአበባ ያጭቃል። ብርቱው ሥራ በሬው በጎኑ ላይ ነጩን እንደሚሸከም ባዶውን ይሸከማል።

፪. ስለ ላባው መስመር

ላባን በመርፌ መሥራት የማታር ሴቶች ብቻ ጥያቄ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝና በዌልስ፣ በኋላም በአሜሪካ፣ ሴቶች ሁለት ጨርቅ ደርበው በመካከሉ ጥጥ ወይም ሱፍ አግብተው የሚሰፉት ብርድ ልብስ አለ። ሦስቱ ድርብርብ እንዳይንሸራተቱ መላው ጨርቅ በስፌት መያያዝ አለበት። ከዚህ ግዴታ ጌጥ ተወለደ፤ ከጌጦቹም አንዱና ስመ ጥሩው ላባ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የላባው ዘንግ ይሰፋል፤ ይህም እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ አንድ መስመር ነው። ከዚያ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ጠብታ የመሰሉ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቅጠል ከዘንጉ ተነሥቶ፣ ወደ ውጭ ተለጥጦ፣ ዞሮ ወደ ዘንጉ ይመለሳል፤ ቀጣዩም በእርሱ ጀርባ ላይ ተደግፎ ይነሣል።

ዛሬ ይህ ሥራ በመኪናም ይሠራል። በተራው የስፌት መኪና ላይ ጨርቁን ከሥር እየያዘ የሚገፋ ጥርስ አለ፤ ጥርሱ ዝቅ ሲደረግ መኪናው ጨርቁን ወደፊት መንዳቱን ያቆማል፤ አቅጣጫውንም ፍጥነቱንም የሚወስነው የሰፊው እጅ ይሆናል። በአገራችን ገበያዎች የሚታየው የመኪና ጥልፍም መሠረቱ ይኸው ነው። በረጅም ክንድ መኪና ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጨርቁ በጥቅል እንጨቶች ላይ ተወጥሮ ይቆማል፤ መኪናው ራሱ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ፣ ሰፊዋ እጀታውን ይዛ እንደ ብዕር ትነዳዋለች። ያለ ንድፍ፣ ከእጅ ብቻ የወጣ ላባ ሁለት ቅጠሎቹ ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆኑም። በዚያው መኪና ላይ በኮምፒውተር የታዘዘ ላባ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ስህተት የለበትም፤ እስትንፋስም የለውም።

ልዩነቱ በይበልጥ የሚታወቀው ብርድ ልብሱ ከእራፊ የተሠራ እንደሆነ ነው። በእኛ አገር ይህ ድሪቶ ነው። «ደረተ» ማለት እራፊን በእራፊ ላይ እየጣፉ መስፋት ነው፤ ድሪቶ የድኻው ብርድ ልብስ፣ የባሕታዊው ልብስ ሆኖ ኖሯል። ቃሉ በአማርኛ የስድብ ጠባይ አለው፤ መያዣ የሌለው ድርሰትም «ድሪቶ» ይባላል። ስድቡ ትክክለኛ የሂስ መለኪያ በውስጡ ይዟል። ድሪቶን የሚያስነቅፈው ከእራፊ መሠራቱ አይደለም፤ እራፊዎቹን በአንድ አሳብ የሚያሳልፍ መስመር ያጣ እንደሆነ ነው። በእራፊ ብርድ ልብስ ላይ ላባ ሲሰፋ መስመሩ የእራፊውን ድንበር አይጠብቅም፤ ከቀዩ ተነሥቶ ሰማያዊውን አቋርጦ ከአሮጌው ሸሚዝ ቁራጭ ላይ ያርፋል። ቁራጮቹ የየራሳቸውን ቀለም ሳይለቁ በአንድ ዘንግ ላይ ይኖራሉ። ድሪቶ ጥበብ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ማታሩ ጣዎስ ስንመለስ ይህ ሕግ በሌላ መልክ ይገኛል። የጥልፍ ክር ብርሃን የሚመልሰው እንደ ተኛበት አቅጣጫ ነው፤ ያው አረንጓዴ ክር በቁሙ ሲጠለፍ አንድ ዓይነት፣ በሰያፍ ሲጠለፍ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ችሎታ የጎደላት ጠላፊ የጅራቱን ላባ ሁሉ ባንድ አቅጣጫ ትሞላዋለች፤ ወፉ በጨርቁ ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ይቀራል። የበቃችው ጠላፊ መርፌዋን ከላባው ዘንግ ወደ ውጭ ትነዳለች፤ ክሩ ላባው በበቀለበት አቅጣጫ ይተኛል፤ በመሆኑም አንድ ቀለም ብቻ ተጠቅማ ብርሃንና ጥላ ታወጣለች። ይህ በጽሑፍ ከተማረችው ትምህርት የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ሠዓሊው በብሩሹ የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

፫. ስለ ሁለቱ እጆችና ስለ ገበያው

ሚላያ ብዙ ጊዜ የሁለት እጅ ሥራ ነው። መንደፍ የምትችል አንዲት ትነድፋለች፤ ሌላይቱ ትጠልፋለች። ተመልካች ይህን ሲሰማ «እንግዲያ ጠላፊዋ ቀለም ቀቢ እንጂ ከያኒ አይደለችም» ይል ይሆናል። በዚህ ነገር ላይ የሰሜን እንግሊዝ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአለንዴል አካባቢ ጆርጅ ጋርዲነር የተባለ ባለ ሱቅ የብርድ ልብስ ንድፍ በሰማያዊ እርሳስ እየሣለ ይሸጥ ነበር፤ ከእርሱ የተማረችው ኤልሳቤጥ ሳንደርሰንም ሙያውን ወርሳ ስመ ጥር ሆነች። ሴቶቹ ሰማያዊውን መስመር ተከትለው ሰፉ። ሆኖም የነዳፊዎቹ ስም ተመዝግቦ ሲቀር የብዙዎቹ ሰፊዎች ስም ጠፍቷል። የተውኔት ሥራን የሚያውቅ ሰው ይህን ስህተት በቀላሉ ይረዳዋል። ጽሑፉ የጸሐፊው ነው፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ የሚተነፍሰው ተዋናዩ ነው። ንድፉ ተውኔት ከሆነ ጥልፉ ትወና ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ሂስ ይገባቸዋል፤ በማታር አንሶላ ጥግ ላይም የሁለቱም ስም ቢጠለፍ ተገቢ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ የገበያው ነው። ስደተኛና ተቀባይ ሕዝብ በሚኖርበት ስፍራ ሁሉ ጥልፍ «ገቢ ማስገኛ» በሚል አርዕስት ሥር ይመደባል። ገቢው እውነተኛ ነገር ነው፤ ከአንሶላው የሚገኘው ገንዘብ የልጅ ደብተርና የወጥ ዘይት ይሆናልና ማንም ሊንቀው አይገባም። አደጋው ያለው ገዢው የሥራውን አንድ ዓይነትነት እንደ ጥራት ሲቆጥር ነው። ንድፉ በወረቀት ተባዝቶ ለሁሉም ይታደላል፤ ቀለሙ ይታዘዛል፤ መጠኑ ይለካል፤ ነጩን ባዶ በድፍረት የምትተው ጠላፊም «አልጨረሰችም» ትባላለች።

ይህ ፈተና በሌላ አገርም ደርሷል። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ በቀድሞ ባሪያዎች ልጆች መንደር በጊስ ቤንድና በአካባቢው፣ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ እራፊ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. የነጻነት የስፌት ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲርስ ለተባለው ታላቅ የሱቅ ድርጅት ኮርዶሮይ ከሚባለው ባለ መስመር ጨርቅ የትራስ ልብስ እንዲሰፉ ውል ያዙ። የታዘዘው ሥራ አንድ ዓይነት ነበር፤ የዕለት እንጀራም ሆነ። ነገር ግን ከመቁረጫው ሥር የወደቀውን የኮርዶሮይ ትርፍራፊ ወደየቤታቸው ወስደው ለራሳቸው አልጋ በነጻ እጅ የሰፉት ሌላ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ የታየው የጊስ ቤንድ ሥራ ለገዢ የተመረተው የትራስ ልብስ አልነበረም፤ ለገዛ ቤታቸው የሰፉት ብርድ ልብስ ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት መካከል ከዚያው ኮርዶሮይ የተሠሩ ይገኙበታል። ትርፍራፊው ከትእዛዙ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «አትሽጡ» የሚል አይደለም። ለገበያ የሚሠራውና ለቤት የሚሠራው ጎን ለጎን ይኑር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የሁለተኛው መለኪያ አይሁን የሚል ነው። ሂስም የሚያስፈልገው በዚህ ቦታ ነው። ሂስ የትርፍ ጊዜ ወግ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ዳሩ ግን ከዋጋ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። በደንብ የተሠራውን ከደካማው ለይቶ በምክንያት የሚያስረዳ ሰው በሌለበት ገበያ አንሶላ ሁሉ በክንድ ተለክቶ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ሁሉ በአንድ ዋጋ ሲሸጥ ደግሞ የምትጎዳው ላባውን በዘንጉ አቅጣጫ ለመጥለፍ ሁለት እጥፍ ጊዜ የፈጀችው ናት። አንድ ቀን እርሷም ጊዜዋን መቆጠብ ትጀምራለች። ጥበቡ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ማንም አልከለከለውም፤ የሚለየው ግን አጣ።

፬. የሚቀረው ሥራ

በአገራችን መርፌና ክር ወደ ሙዚየም የገቡበት ምሳሌ የለም እንዳይባል የኤልያስ ስሜ ሥራ ምስክር ነው። ይህ ሠዓሊ ክርን፣ ቁልፍንና የተጣለ ዕቃን በስፌት እያገናኘ ያቀናበራቸው ሥራዎቹ በ2009 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ቀርበዋል፤ የትርኢቱም አርዕስት የመርፌን ዓይንና የልብን ዓይን ያጣመረ ነበር። ስሜ በዓለም አደባባይ የከበረው በተገባ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ የተማረ ሠዓሊ የያዘው መርፌ «ሥነ ጥበብ» ሲባል በማታር ሴት እጅ ያለው መርፌ «የእጅ ሥራ» ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት በሥራው ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በተመልካቹ ልማድ ውስጥ ነው።

ልማዱን መለወጥ በንግግር ብቻ አይሆንም። የባህል ሠራተኛው አንሶላ ሲሰበስብ ርዝመቱንና ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ማን እንደነደፈችው፣ ማን እንደጠለፈችው፣ ለምን ቀን እንደታሰበ መመዝገብ ይኖርበታል። መምህሩ የተባዛ ንድፍ ከማደሉ በፊት ልጆቹን ወደ ከብቱ በረት ወስዶ የበሬውን መልክ በቃል ካስነገራቸው በኋላ ያንን መልክ በጨርቅ ላይ እንዲያኖሩት ቢጠይቃቸው፣ ጣዎሱ ሳይባረር አዲስ ምስል ሊወለድ ይችላል። ሠዓሊውም ከጠላፊዋ ስለ መደብና ስለ ባዶ ቦታ የሚማረው አለ። ትርኢት አዘጋጁ ደግሞ አንሶላውን በጠረጴዛ ላይ አጣጥፎ ከመደርደር ይልቅ በቤቱ እንደሚሰቀለው በግድግዳ ላይ ይስቀለው፤ ምክንያቱም የታጠፈ ሥዕል አይታይም።

ሂሱም ምስጋና ብቻ መሆን የለበትም። ለድኻ ሴት ሥራ የሚሰጥ ጅምላ ሙገሳ ያው ንቀት ነው፤ ለመመዘን አልበቃችም ማለት ነውና። የተጨናነቀው ተጨናንቋል፣ የተገለበጠው ተገልብጧል፣ ወፉ የሞተበት ሞቷል መባል አለበት። ይህ ሲነገር ብቻ «ይህኛው ላባ ሕያው ነው» የሚለው ቃል ክብደት ያገኛል።

የኑዌር ሴት አንሶላዋን ጠልፋ ስትጨርስ ጠርዙን በኪሮሽ ትዘመዝማለች፤ የደጋው ሸማኔም ነጠላውን ሊጨርስ ሲቃረብ ዳሩ ላይ ጥበቡን ያኖራል። ሁለቱም የማይተዋወቁ፣ በቋንቋም የማይግባቡ ባለሙያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጨርቅ ዳሩ ሳይከበር እንዳላለቀ ሁለቱም ያውቃሉ። ማታር ከአገሪቱ ዳር ያለች ከተማ ናት። የአገሪቱ የኪነ ጥበብ ታሪክ ማታርን ሳይጨምር ተጽፎ ከሆነ፣ ዳሩ ያልተዘመዘመ ጨርቅ ነውና ገና አላለቀም።